በቀጠሮ የሚለቀስለት ጨፌ

ባለፈው የገና ሰሞን ጫማዬን ላሰፋ ወጥቼ ነበር። ነቀምቴ ካለው ሰፈሬ፣ ከቡርቃ ጃቶ፣ እስከ ገበያው በእግሬ ነው የምወርደው፤ ሐኪሙ ተራመድ ስላለኝ ብቻ ሳይሆን፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴ ቶለሺ ቤት ውስጥ ስንጎራደድ ማየት ስላንገሸገሻት ጭምር ነው። ጫማ ሰፊው ወረፋ አስያዘኝና አንድ እግሬን በነጠላ ጫማ፣ አንዱን በካልሲ አድርጌ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። የእርጥብ ሣር ሽታ ነው እንዳልል ከሣሩ በታች ሌላ ነገር አለበት፤ የጭቃ ነው እንዳልል ጭቃ እንዲህ አይሸትም። ብዙ ዘመን የተኛ ውሃ፣ የበሰበሰ ሥር፣ ትንሽም ጭስ ጭስ የሚል ነገር ነው። ዞር ስል አንዲት ሴት ለበዓል የሚጎዘጎዝ ጨፌ በእቅፍ በእቅፍ አስራ ማዳበሪያ ላይ ደርድራለች። እኛ ቄጠማ የምንለውን ሣር እዚህ ጨፌ ይሉታል፤ ሣሩም፣ ሣሩ የሚበቅልበት ረግረግም ስማቸው አንድ ነው። እንደነገሩ ስታጭደው አንዳንዱ ከነሥሩ ተነቅሎ መጥቷል፤ ሥሩ ላይ ጥቁር፣ እንደ ቡን ያለ አፈር ተጣብቋል። ጎንበስ ብዬ አንዱን እቅፍ አነሣሁና ሥሩን አሸተትኩ።

«አባባ፣ ሰው ሣሩን ያያል፤ እርስዎ ሥሩን ነው እንዴ የሚያሸቱት?» አለች ሴትዮዋ እየሳቀች። ወደ ሠላሳ ቢሆናት ነው፤ ስሟ ድንቅቱ እንደሆነ በኋላ ነገረችኝ።

«ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ከአርጆ ወዲህ ነው። ማሎ፣ እባክዎ ይግዙኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ቢፈልጉኝም አያገኙኝ፤ ለቅሶ አለብን።»

«እግዜር ያጽናችሁ» አልኩና ወዲያው ነገሩ አልገባ አለኝ። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ? ሰው ሳይሞት ለቅሶ በቀጠሮ አለ እንዴ?»

«የኛ በቀጠሮ ነው። ሰው መች ሞተ! የሚሞተው ጨፌው ነው። በየዓመቱ ይሞታል፣ በየዓመቱ ዕድሩ ይወጣል።» ይህን ስትል እንደ ቀልድም አላደረገችው፤ የትምህርት ቤት መክፈቻ ቀን እንደምትነግረኝ ነው የነገረችኝ።

የእሷኑ ማዳበሪያ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎች ያመመኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ፤ ጫማ ሰፊው ጫማዬን ጥሎ መጣ። እኔ ግን አላመመኝም። እንዴት ብዬ ላስረዳቸው፤ ቀብሬዋለሁ ብዬ ስንት ዓመት የተውኩት ነገር በሸክም ታስሮ ገበያ መጥቶ አገኘሁት።

ነቀምቴ ስመጣ ከሸዋ የወጣሁ ቀጫጫ ልጅ ነበርኩ። አንድ የቴትሮን ሱሪ ነበረችኝ፤ ታፋዋ ጥብቅ፣ ከታች ሰፊ፣ ስሄድ ጫማዬን ትጠርግልኝ ነበር። መናኸሪያው ስወርድ ዝናቡ እንዴት እንደተቀበለኝ አሁንም ትከሻዬ ያውቀዋል፤ የወለጋ ዝናብ አያካፋም፣ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው። ሻይ ቤቶቹ ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ጋር የተያያዙ ነበሩና የሲንጀር መርገጫው ድምፅና የቴፑ ዘፈን አብረው ይሄዱ ነበር። ዘፈኑ ኦሮምኛ ነው፤ ከሁሉ «ኮቱ» የሚለው ብቻ ይገባኝ ነበር፤ «ነይ» ማለት ነው። አንዲት ቃል ይዤ ሙሉ ዘፈን እዘፍን ነበር። ከዚያ ወረድ ብሎ ፎቶ ቤት ነበር፤ ግድግዳው ላይ ባሕርና መርከብ የተሳለበት። ባሕር አይቶ የማያውቀው የወለጋ ሰው ሁሉ በባሕር ዳርቻ የተነሣው ፎቶ አለው። እኔም አለኝ፤ ለእናቴ ላክሁላትና «የት አገር ነው የወሰዱብኝ?» ብላ አለቀሰች አሉ። አሁን እዚያ ቦታ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ሞልተውበታል፤ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ስልኬን ሁለት ጊዜ አድነውልኛል። ባሕሩን ግን ማን ቀለም እንደቀባበት አላውቅም።

የተቀጠርኩት በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሠራተኝነት ነበር፤ ምድቤም አርጆ ሆነ። አርጆ ደጋ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከሰው ጋር እኩል ቆሞ ይውላል። የሰጡኝ ሥራ ከከተማው ወረድ ብሎ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ከኮረብታ ጀርባ ያለ አንድ ጨፌ ነው። ስም እንኳ አልነበረውም፤ «ጨፌው» ነው የሚባለው። እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ ሥራ ፈት መሬት አይኑር በሚባልበት ዘመቻ፣ መሐል ለመሐል ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮለት ውሃው ፈሰሰና በቆሎ ተዘራበት። የመጀመሪያው ዓመት በቆሎ ቤት አከለ ይሉኛል። ቀጥሎ እያነሰ እያነሰ መጣ። ከግርጌው የነበረው ምንጭ ደረቀ፤ ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት ሌላ ሸለቆ መውረድ ጀመሩ። አፈሩም ሲደርቅ እንደ ሌላ አፈር አልሆነም። ባለሙያዎቹ ከላይ መጥተው «ፒት» ይባላል አሉን፤ በብዙ ሺህ ዘመን ሣር እየወደቀ፣ ውሃ ውስጥ ሳይበሰብስ እየተኛ የተሠራ አፈር ነው፤ ውሃው ከራቀው ይሟሽሻል፣ እሳት ካገኘው ይነዳል። መንደሩ ይህን ከባለሙያ በፊት ያውቀው ነበር። አንድ በጋ የበቆሎ አገዳ ሲያቃጥሉ እሳቱ መሬት ውስጥ ገባና ነበልባል ሳይታይ ሳምንታት ጨሰ። የአንድ ሰው ጥጃ ሜዳ መስሏት ገብታ እግሯ ረመጡ ውስጥ ጠለቀ። እኔ ስደርስ ጭሱ ቆሞ ነበር፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። ያ ሽታ ነው ገበያ ላይ ያገኘኝ።

ጨፌውን መልሶ ለማዳን የተቋቋመው ፕሮግራም ሁሉ ነገር ነበረው። የመስክ መኪና ነበረው፤ ታፔላ ነበረው፤ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ነበረው፤ ኮሚቴው ማኅተም ነበረው። ቦዮቹን መድፈን፣ ከብት እንዳይገባ መከልከል፣ እርሻውን ለአምስት ዓመት ማሳረፍ ነው ሐሳቡ። ይህን ለሕዝቡ እንድነግር ስብሰባ ተጠራ። አስተርጓሚ እንድትሆነኝ የአርጆ ትምህርት ቤት መምህርት ተጠየቀች፤ ከዲጋ ተመድባ የመጣች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ሰው ስታይ ቅንድቧን የምታነሣ ልጅ። እኔ ግን ጉረኛ ነበርኩ። ኦሮምኛ በሻይ ቤት ተምሬ ጨርሻለሁ ብዬ አምን ነበርና «አያስፈልገኝም፣ ራሴ እናገራለሁ» አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ አጥንቻለሁ። ለመጨረሻ ያስቀመጥኳት ዓረፍተ ነገር «ይህ ጨፌ ከዛሬ ጀምሮ ይረፍ» የምትል ነበረች። ሕዝቡ ፊት ቆምኩና እጄን ወደ ጨፌው ዘርግቼ፣ በታላቅ ድምፅ፣ «ጨፌን ኩን ሀርአ ቦቆቴራ!» አልኩ።

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። «ቦቆቴ» ዐረፈ ማለት ነው፤ እውነት ነው። ይረፍ ልል «ሃ ቦቆቱ» ማለት ሲገባኝ ዐርፏል ብዬ ጨረስኩት። በእኛስ ቋንቋ ቢሆን ሰው ፊት ቆመህ «እገሌ ዛሬ ዐርፏል» ብትል ምን ማለት ነው? መርዶ ነው። በኦሮምኛውም ያው ነው። ጨፌው ዛሬ ሞቷል ብዬ በአደባባይ ተናገርኩ። አንዲት አሮጊት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ «ዋይ!» አለች፤ አጠገቧ ያሉትም ተከተሏት። ከኋላ መምህርቷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ያለቀሰች መሰለኝ። ስትስቅ ነበር። በዚያ ሳቋ ተናድጄ ሦስት ወር ሙሉ አኮረፍኳት፤ በአራተኛው ወር ሽማግሌ ላክሁ። ቶለሺ ማለት እሷ ናት።

ያን ጊዜ ኦቦ ፉፋ ተነሡ። የመንደሩ ዕድር ዳኛ ናቸው፤ ረጅም፣ ካኪ ኮታቸው ክርን ላይ የተጣፈ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ እንድሰማ በአማርኛ ጀመሩ። «ከሞተ እንግዲህ ምን ይደረጋል። እኛ ዕድር አለን። ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ እናውቃለን።»

«ኦቦ ፉፋ፣ አልሞተም! ይረፍ ለማለት ፈልጌ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ልጄ፣ መርዶ ከተነገረ በኋላ አልሞተም አይባልም። ደግሞ ውሸትህን አይደለም፤ እስቲ እየው» አሉኝና ወደዚያ ወደተሰነጣጠቀው ጥቁር ሜዳ አገጫቸውን አነሡ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው በኦሮምኛ ቀጠሉ፤ ቶለሺ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተረጎመችልኝ። ለቅሶ ያለበት ቤት መሬቱ አይታረስም፤ ስለዚህ ጨፌው አይታረስም። ለቅሶ ቤት ግቢ ከብት አይነዳም፤ ስለዚህ አይገባበትም። ዕድርተኛ ሁሉ በየዓመቱ ከገና ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ አካፋ ይዞ ይመጣል። ስም ይጠራል። የታመመ ካለ «ታሟል» ብሎ ሌላ ሰው ይመልስለታል፤ መንገድ የሄደ ካለ «ከራራ ጅራ» ይባልለታል፤ በመንገድ ላይ ነው ማለት ነው። የዘገየ ሁለት ጓል ይሸከማል። ዝም ብሎ የቀረ ግን እሱ ሲሞት ማን እንደሚመጣለት ያስብበት። እኔንም በዕድሩ መዝገብ ጻፉኝ፤ መርዶ ነጋሪው እኔ ነኝና። የአባቴን ስም የጠየቀኝ የለም። «ሙሉጌታ ጨፌ» ተብዬ ተጻፍኩ።

ኦቦ ፉፋ የምር አዝነው ነው ወይስ ስሕተቴን አይተው እንደ ወንጭፍ አንሥተው የተጠቀሙባት? ያኔም አላወቅኩም፤ ዛሬም አላውቅም። አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው «አንተ ነገርከን፣ እኛ ሰማን» አሉኝ።

ሥራው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። እኛ በመኪና ድንጋይ አመጣን፤ በሽቦ አስረን ቦዩ ውስጥ ደረደርን። ያ አፈር ድንጋይ አይሸከምም። ክረምቱ ሲመጣ ድንጋዩ እንደ ስኳር ሰጠመ፤ ውሃው በጎኑ ዞሮ አዲስ ቦይ አበጀ። ተናደድኩ፣ እንደገና አመጣን፣ እንደገና ሰጠመ። ኦቦ ፉፋ ቆመው ያያሉ። በሦስተኛው «መቃብር ስትደፍን ከሌላ አገር አፈር ታመጣለህ?» አሉኝ። «ከራሱ የወጣው ነው የሚመለስበት።» ሲቆፈር ከቦዩ ወጥቶ ዳርና ዳር የተከመረውን ጥቁር አፈር ነው የሚሉት፤ ሣር በቅሎበት ነበር። ዕድርተኞቹ ያንን በጓል በጓል ከነሣሩ እየቆረጡ፣ ሣሩን ወደ ላይ አድርገው፣ ከላይኛው ጫፍ ጀምረው ቦዩን ደፈኑት። ሰው ሲቀበር እንደሚያደርጉት ተራ ገብተው፣ ሁለት ሁለት አካፋ እያሉ፣ መጀመሪያ መዝሙር ዘምረው። መጽሐፍ ላይ የተማርኩት ሁሉ እዚያ ጭቃ ላይ አለቀ። ውሃው ቆመ። በዓመቱ እንቁራሪት ጮኸ፤ በሁለተኛው ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች መጡ። አንድ ቀን ደግሞ አንዲት ሴት ጣሳ ይዛ እየሮጠች ቢሮዬ ገባች፤ ጣሳው ውስጥ ለእጅ መታጠቢያ የማይበቃ ውሃ አለ። ከግርጌው ምንጭ የቀዳችው ነው። ያን ቀን ቢሮውን ዘግቼ ስዞር ዋልኩ። ከዚያ በላይ ደስ ብሎኝ የዋልኩበትን ቀን ፈልጌ አላገኘሁም፤ ሰርጌንም ጨምሮ፤ ቶለሺ ይህን ታውቃለች።

ከዚያ እንደ ሁሉም ፕሮግራም ጊዜው አለቀ። መኪናው ሄደ። ታፔላውን ዝናብ በላው። የኮሚቴው ማኅተም ሊቀመንበሩ ኮት ኪስ ውስጥ እንዳለ ኮቱ ተሸጠ ይባላል፤ ምናልባት አሁን አንድ ሰው ሳያውቅ በኪሱ ይዞት ይዞር ይሆናል። እኔ ወደ ነቀምቴ ተዛወርኩ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ለለቅሶው እሄድ ነበር፤ ከዚያ ልጆች ተወለዱ፣ አገሩም ተለዋወጠ፣ ቢሮዎቹ ስማቸው ተቀየረ፣ መንገዱ አንዳንዴ ይከፈታል አንዳንዴ ይዘጋል። የዕድሩን ነገር ከኦቦ ፉፋ ጋር አብሮ የሚያልፍ አድርጌ አየሁት። አንድ ቀን እንደ እኔው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ ከአርጆ ሲመለስ፣ «ለመሆኑ ያ ጨፌ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «መንገድ ላይ ሰዎች ጠይቄልህ ነበር። ቦቆቴ ነው ያሉኝ» አለኝ። «ምን አሉህ?» «ጨፌ ቦቆቴ። ሞቷል ማለት አይደል?» ቃሏን እኔ እንዴት አላውቃትም! እንደገና አላስደገምኩትም።

ያን ቀን ለቶለሺ ነገርኳት። «ሂድና በዓይንህ እይ» አለች። አልሄድኩም። ፈራሁ ማለት ይቀላል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ስብሰባ ለስብሰባ፣ ሪፖርት ለሪፖርት ሲል ኖሮ «ይህን ሠርቻለሁ» የሚለው አንድ ነገር ሲኖረው፣ ያንኑ አንዱን በበቆሎ ተሸፍኖ ማየት አይፈልግም። በዚያ መንገድ በአውቶቡስ ሳልፍ ፊቴን ከኮረብታው አዙሬ የረዳቱን ጀርባ አይ ነበር። ወጣት ሠራተኞች ወደ ቢሮዬ መጥተው ስለ ረግረግ መሬት ሲጠይቁኝ «ፕሮግራም ሲያልቅ ያልቃል፤ አትድከሙ» እላቸው ነበር። ስንቱን ልጅ ተስፋ እንዳስቆረጥኩ ሳስብ አሁን ያሳፍረኛል።

እንግዲህ ገበያው ላይ፣ ማዳበሪያው ላይ ተቀምጬ፣ የሰጡኝን ውሃ ጠጥቼ፣ «ጨፌው ስም አለው?» ብዬ ድንቅቱን ጠየቅኳት።

«ኤዬ፣ አለው። ጨፌ ቦቆቴ ነው ስሙ።»

«ስሙ ነው?»

«ስሙ ነዋ! ቀበሌውም በሱ ነው የሚጠራው፤ ትምህርት ቤቱም። ለምን እንደዚያ እንደተባለ ግን እንጃ። ድሮ አንድ የመንግሥት ሰው መጥቶ ነው የሞተው ይላሉ።»

ሳቅ አፈነኝ። የሞተው የመንግሥት ሰው እኔ መሆኔ ነው። ባልደረባዬ መንደርተኛውን «ያ ጨፌ» ሲለው፣ መንደርተኛው ስሙን ነግሮታል፤ እሱ ወሬ መሰለው። የገዛ ስሕተቴ ስም ሆና አድጋ፣ ዞራ መጥታ እኔኑ አታለለችኝ። የገዛሁትን ሦስት እቅፍ ጨፌ ተሸክሜ፣ ጫማዬን እዚያው ረስቼ፣ በነጠላ ጫማና በካልሲ ቤቴ ገባሁ። ቶለሺ በሩ ላይ ቆማ ቅንድቧን አነሣች። ስነግራት ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያን የዚያን ጊዜውን ሳቅ ሳቀች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገችውም እንደዚያው ነው። «ቦቆቴራ!» ትላለች እጇን ዘርግታ፣ እንደገና ትስቃለች። ስቀን ስቀን ሁለታችንም እንባችንን ጠረግን። የኔው ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም።

ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። ደህናውን ኮቴን፣ ለልጃችን ምርቃት ያሰፋሁትን ግራጫውን ለበስኩ፤ «ለጭቃ?» አለች ቶለሺ። «ለለቅሶ» አልኳት። አርጆ ስንደርስ ጭጋጉ እንደ ድሮው ቆሞ ጠበቀን። ከዚያ ባጃጅ ይዘን ወረድን፤ ድሮ ከቢሮ ተነሥቼ ግማሽ ቀን የምኳትነው መንገድ ሻይ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ አለቀ። የሣር ቤት አንድም አይታይም፤ ሁሉም ቆርቆሮ ነው። ልቤ ትንሽ ፈራ፤ ያን ጊዜ የጨፌው ሣር ለቤት ክዳን ይፈለግ ነበርና፣ ቆርቆሮ ከመጣ ማን ይጠብቀዋል ብዬ። ኮረብታውን ስናልፍ ግን ጭጋጉ ገለጥ አለ።

አለ። አረንጓዴ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ለስላሳ፣ ነፋስ ሲነካው የሚያጋድል፣ መሐሉ ላይ ውሃው ብልጭ የሚል። ሁሉም ደህና ነው አልልም፤ በአንድ በኩል ባሕር ዛፍ ተጠግቶታል፣ በታችኛው ጥግ አንድ ሰው ጎመን ተክሎበታል፣ ሰዎቹም በዚያ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ምንጩ ግን ከግርጌው ቧንቧ ገብቶለት ሴቶች ጄሪካን ሰልፍ አስይዘው ያወራሉ። አጠገቤ የቆመ አንድ ጎልማሳ ይህ ሁሉ እንዴት እንደቆየ ስጠይቀው ምንም የሚደንቅ ነገር እንዳልጠየቅኩት ሁሉ መለሰልኝ። «ስብሰባ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። ለቅሶ ማን ይከለክላል? አካፋ ይዘን ስንሄድ የት ነው ይሉናል፤ ለቅሶ ነው እንላቸዋለን፤ ያሳልፉናል። አንድ ባለሥልጣን እንኳ ኮፍያውን አውልቆልናል።»

ሰዉ ተሰብስቦ ስም እየተጠራ ነበር። መዝገቡን የያዘው ጸሐፊ መነጽር ያደረገ ወጣት ነው፤ ድንቅቱ አካፋዋን ተደግፋ ቆማ አየችኝና አፏን ከፈተች። መሐል ላይ በወንበር፣ ሁለት ጋቢ ደርበው፣ ዓይናቸው ዳመና የለበሰ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ካኪ ኮታቸው የለም፤ አገጫቸውን ግን የት ብሆን አውቀዋለሁ። ኦቦ ፉፋ አሉ። እንዳሉ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ለመጠየቅ ፈርቼ ነበር። ልጠጋቸው ስል ጸሐፊው «ሙሉጌታ ጨፌ!» ብሎ ጠራ።

ማንም ቀና አላለም። ጸሐፊውም ቀና አላለም፤ መልሱን ያውቀዋልና እስክሪብቶው ቀድሞ ወደ ቀጣዩ ስም ሄዷል። ኦቦ ፉፋ፣ እንደ ሁልጊዜው መሆኑ ነው፣ ከጋቢያቸው ውስጥ «ከራራ ጅራ» አሉ። በመንገድ ላይ ነው። ስንት ዓመት ነው ይህን ሲሉልኝ የኖሩት? እኔ ኮረብታውን ላለማየት ፊቴን ሳዞር፣ እኔ ለልጆቹ አትድከሙ ስል፣ እሳቸው እዚህ ጭቃ ላይ ተቀምጠው በመንገድ ላይ ነው ይሉልኝ ነበር።

«ደርሻለሁ» አልኩ። የሰማኝ ስላልነበረ ጠጋ ብዬ ደገምኩት። «አለሁ! ኦቦ ፉፋ፣ ሙሉጌታ ነኝ። አለሁ።»

ሽማግሌው ጆሯቸውን አዘነበሉ። እጃቸውን ዘረጉና ክንዴን፣ ከዚያም የኮቴን እጅጌ ዳሰሱ። ይመርቁኛል፣ ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። «ልጄ፣» አሉ፣ «የዘገየ ስንት ነው የሚሸከመው?»

«ሁለት» አልኩ።

«ቶሌ፣ መልካም። ስጡት።»

ድንቅቱ ናት ያሸከመችኝ፤ ሁለት ትልልቅ ጓል፣ ከነሣራቸው፣ በሁለቱ ክንዶቼ። ቦዩ ዳር እስክደርስ ጥቁሩ ውሃ በእጅጌዬ ገብቶ እስከ ብብቴ ወረደ። ሰዉ መዝሙሩን ጀምሯል፤ ቶለሺ ከኋላዬ እየዘመረችም እየሳቀችም ትመጣለች። ከላይኛው ጫፍ ትንሽ የተሸረሸረ ቦታ ነበር፤ ሣሩን ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኳቸው፤ በእግሬ ረገጥ ረገጥ አደረግኩ። ቀጥሎ አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥር በቅቤ በላን፤ ከኦቦ ፉፋ ጎን ተቀምጬ ነው የበላሁት።

ግራጫው ኮቴ አሁን በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ቶለሺ እጠበው ወይም ላጥበው ብላ ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች። እስከሚቀጥለው ገና እንዳይነካ ብያለሁ። ስወጣና ስገባ እጅጌውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋለሁ።